እስቲ ቀና በሉ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ባለፈው ሳምንት ዩኒቨርሲቲ የምትማር የጎረቤት ልጅ «ጋሼ፣ ደሴ ላይ የድሮ የመንገድ መብራት የቀረ አለ እንዴ?» አለችኝ። እድሜዬን ሙሉ ፖል ላይ ስወጣ የኖርኩ ሰውዬ የምመልሰው አጣሁ። «አብሽሪ፣ አስቤ እነግርሻለሁ» ብዬ ገባሁ፣ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ የሚባል የለም።

በ1979 ነው፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ሁለት አመት በኋላ፣ እኔ ገና ጀማሪ ኤሌክትሪሻን ነኝ። አራዳ አንድ መታጠፊያ ላይ የእንጨት ፖል ነበር፣ እንደ ከዘራ የተቆለመመ ብረት ወጥቶለት ጫፉ ላይ የተደፋ ሳህን የሚመስል ኢናሜል ሼድ ያለው፣ ላዩ አረንጓዴ ውስጡ ነጭ። ቤታችን ኩራዝ ስለነበር አስራ ሁለተኛ ክፍልን ያጠናሁት እዛ ስር ቆሜ ነው፣ ክረምት ከጦሳ ጉም ሲወርድ ደብተሬ እየረጠበ። አጠገቤ አንዲት እናት ቆሎ ይሸጡ ነበር። ያንን አንስታችሁ ሜርኩሪ የሚባለውን አዲስ አምፖል ስቀሉ ተባልንና ወጣሁ። እማማ ከታች «አንተ ልጅ፣ እሱ ምን አደረጋችሁ? ተወው እንጂ!» አሉኝ። «የተሻለ ነው የምናበራልዎ» አልኳቸው ኮራ ብዬ፣ የዛሬ ልጅ ብሆን ቪዲዮም እቀርጽ ነበር።

ብሎኑ ዝጎ ካቻቢቴውም ፒንሳውም አልበገር አላቸው፣ በመዶሻ ነው ያላቀቅኩት። ሼዱን ሳቅፈው ጠርዙ ላይ ከተጋገረው ጥቀርሻ ስር ጽሁፍ እንዳለ ጣቴ ነገረኝ። በአውራ ጣቴ ፈተግ ፈተግ ሳደርገው ሁለት ፊደል ብቅ አለ፣ ሶስተኛው ላይ ስደርስ አለቃዬ ከታች «ምን ትዳብሳለህ፣ ወርውረው!» አለ። ወረወርኩት። ኢናሜሉ እንደ እንቁላል ልጣጭ ረገፈ፣ ከሰአት ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተሸጠ። ጣሊያን ደሴ የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ነው፣ ሼዱ የዛን ጊዜ ይሁን ወይ በኋላ በአሰብ በኩል የመጣ፣ ሊነግረኝ ይችል የነበረው ያ ጽሁፍ ብቻ ነበር።

ማታ አዲሱ በራ፣ ሜርኩሪ እስኪሞላ አራት አምስት ደቂቃ ይወስዳል፣ ሲሞላ የእማማ ቀይ ሻሽ ጥቁር፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። ብርሃኑ ውስጥ ቀይ የለም ማለት ይቻላል። «ይሄ ነው የተሻለው?» አሉኝ። ቆሎውን ግን ጀባ ብለውኛል።

እና ምን ልምከራችሁ፣ ፖል ላይ አትውጡ ኮረንቲ ነው እያልኩ ጊዜያችሁን አልፈጅም። እናንተ አንገታችሁ ስልክ ላይ ተሰብሮ ነው የምትሄዱት፣ ቀና በሉ። ቀን ስትሄዱ ፖሉን እዩ፣ እንጨት ነው ብረት ነው ኮንክሪት፣ አምፖሉ ቢነሳም የተቆለመመው ብረት ብቻውን ይቀራል፣ ማንም ለሱ ብሎ መሰላል አይተክልም። ማታ ደግሞ ቀለሙን፦ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ የሚያደላ ነጭ ሜርኩሪ ነው፣ ወርቃማ ብርቱካን ሶዲየም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በተለይ በረንዳ ላይ ቁሙ፣ ኤልኢዲው ወዲያው ቦግ ይላል፣ የድሮው መጀመሪያ ካልቀዘቀዘ አይነሳም። ሶዲየም ሲያረጅ እየበራ እየጠፋ ያስቸግራል፣ ሜርኩሪ ግን ሳይሞት እየደበዘዘ አመታት ይቆያል፣ ልክ እንደ ጡረተኛ።

አሁን ኮሪደሩ ደሴም ኮምቦልቻም ገብቷል፣ ኤልኢዲው ብርሃኑ ደረቅ ነው፣ ለኔ አይጥመኝም። ግን ከመስጊድ ስመለስ ጉድጓዱን የሚያሳየኝ እሱ ነው፣ ስለዚህ አልሳደብም። ሜርኩሪውም ቢሆን ሲሰበር የሚተን መርዝ ነው፣ አለም ማምረቱን ያቆመው ወዶ አይደለም። ስልካችሁን ተሳደብኩ እንጂ በ1979 ኪሴ ውስጥ አንድ ካሜራ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ለልጅቷ መልስ አገኘሁላት መሰለኝ። ኮምቦልቻ አንድ ጓሮ መንገድ ላይ እንደዛው የተቆለመመ ብረት አይቻለሁ፣ ሼዱም አለ፣ አምፖል የለውም፣ የዲሽ ገመድ ተጠምጥሞበታል። ጠርዙ ላይ የሆነ ነገር የተጻፈ ይመስላል፣ የኔ አይን አይደርስም። ጥሩ ዙም ያለው ስልክ የያዘ ልጅ ካለ ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንውረድ፣ ቁርስ በኔ ነው።