መልስ፦ የፋይበርግላስ ቁርጥራጭ አቃጥለን ቃጫውን መልሰን መጠቀም እንችላለን?

ሰላም። ለመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ የፋይበርግላሱን ሬዚን (የመስታወት ቃጫውን አጣብቆ የሚይዘውን ፕላስቲክ) በእቶን አቃጥላችሁ ቃጫውን እንደ አዲስ ለመጠቀም እንዳሰባችሁ ጽፋችኋል። ማቃጠሉ ቀላል ነው፤ ችግሩ ቃጫው ላይ ነው። ተራው የመስታወት ቃጫ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ከጥንካሬው ግማሹንና ከዚያም በላይ ያጣል። ከሬዚን ጋር የሚያያይዘው ስስ ሽፋንም አብሮ ይቃጠላል። ከእቶን ሲወጣ ንጹሕ ይመስላል፣ በጣት ስታሹት ግን ይሰባበራል።

እኔ ብሆን መፍጨቱን እመርጣለሁ። ፖሊስተር ሬዚን አንዴ ከጠነከረ ተመልሶ ስለማይቀልጥ፣ ቁርጥራጩን ፈጭታችሁ፣ በወንፊት ለይታችሁ አዲስ ሬዚን ውስጥ እንደ መሙያ ጨምሩት። በክብደት 10፣ 20 እና 30 በመቶ እየቀላቀላችሁ የመሳብና የመታጠፍ ጥንካሬውን ምንም ካልተጨመረበት ናሙና ጋር አወዳድሩ።

እቶኑ ለሌላ ነገር ይጠቅማችኋል፦ ትንሽ ናሙና መዝኑ፣ 565 ዲግሪ ላይ ሬዚኑ እስኪያልቅ አቃጥሉ፣ እንደገና መዝኑ። ሌላ ማዕድን ካልተቀላቀለበት የቀረው የመስታወቱ ድርሻ ነው። ይህን ሳታውቁ ወደ ቅልቅሉ አትግቡ።

ኮንክሪት ውስጥ እንጨምረው ያላችሁትን ግን አልደግፍም። የሲሚንቶው አልካሊ (መስታወትን የሚያሟሟ ኬሚካል) ተራውን መስታወት ቀስ በቀስ ስለሚበላው፣ ኮንክሪቱ በተለመደው 28ኛ ቀን ሲፈተን የሚሰጠው ውጤት ብቻውን ያታልላል። ጀርመን ውስጥ ያረጀ የፋይበርግላስ የነፋስ ተርባይን ክንፍ ተፈጭቶ የሚገባው ኮንክሪት ውስጥ ሳይሆን ሲሚንቶው በሚመረትበት እቶን ውስጥ ነው፤ ሬዚኑ ነዳጅ፣ መስታወቱ ጥሬ ዕቃ ይሆናል።

አደራ፣ ስትቆርጡ ውሃ እያፈሰሳችሁ ይሁን። ጓንት፣ መነጽርና የብናኝ ማስክ አድርጉ፤ ጭስ ማውጫ በሌለው ክፍል ውስጥም ምንም አታቃጥሉ።