ጎንደር ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ፦ እንጀራው የት እንደተጋገረ አጣሩ

ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ኖሮባችሁ ከስንዴና ከገብስ የምትጠበቁ ወገኖቼ፣ ወደ ጎንደር ስትነሡ «የጤፍ አገር ነው፤ ምን እቸገራለሁ?» እንደምትሉ ከራሴ አውቃለሁ። ጤፍ በራሱ የሚጎዳን ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የለውም፤ ነገር ግን ምግብ ቤት የሚቀርበው እንጀራ ሁሉ የጤፍ ብቻ አይደለም። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ፣ ማሽላ፣ ገብስ ወይም ስንዴ ይቀላቀልበታል፤ ሩዙና ማሽላው ግድ የለም፣ ገብሱና ስንዴው ግን ለእኛ መርዝ ናቸው።

አስተናጋጁን «ግሉተን አለው?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ቃሉን ሰምቶት ላያውቅ ይችላል፣ እንግዳ ላለማስከፋትም «የለውም» ይላችኋል። እኔ ፒያሳ አካባቢ አንድ ቤት «ንጹሕ ጤፍ ነው» ተብዬ በልቼ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ዋልሁ። ኋላ ሲጣራ እንጀራው በየማለዳው ከሌላ ሰፈር ተገዝቶ የሚመጣ ኖሯል፤ ልጁ የዱቄቱን ነገር ከየት ይወቅ? ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «እንጀራው እዚሁ ይጋገራል ወይስ ይመጣል?» የሚል ነው። እዚያው የሚጋገር ከሆነ ጋጋሪዋን ራሷን አነጋግሩ፤ ዱቄቱ ምን እንዳለበት፣ እርሾውም ከየትኛው ሊጥ እንደተቀነሰ የምታውቀው እርሷ ናት። «ሠርገኛ ነው» ብትላችሁ አትደንግጡ፣ ነጭና ቀይ ጤፍ ማለቷ ነው።

ጥብስና ሽሮ እምብዛም አያሰጉም፤ የጣና ዓሣን ግን አንዳንድ ቤት ዱቄት ነስንሶ ስለሚጠብሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጠላና ቢራ ብቅል ስላለባቸው ይቅሩባችሁ፤ በማርና በጌሾ ብቻ የተጣለ ጠጅ ካገኛችሁ ግን ጠጡ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከምግብ ቤቱ ይልቅ የሚከብደው የዘመድ ቤት ነው። አክስቴ ድፎ ዳቦ ቆርሳ ስታቀርብልኝ «አልበላም» ማለቴን እንደ ኩራት ቆጥራው ተቀይማኝ ነበር፤ «ሐኪም ከልክሎኛል» ስላት ግን ወዲያው ጤፍ አስነፍታ፣ ለጤፍ ብቻ የተለየ ድንጋይ ወዳለው ወፍጮ ቤት ሰደደች፤ ለእኔ የሚቦካውንም በአዲስ ዕቃ፣ ያለ አሮጌው እርሾ ጣለችው። እንዲህ ያለው ሊጥ ለመቡካት ቀናት ስለሚፈጅበት፣ ከመነሣታችሁ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ደውሉላቸው።

ለጥምቀት የምትሄዱ ከሆነ፣ ጥር 10 እና 11 ምግብ ቤቱ ሁሉ ስለሚጨናነቅ ከጋጋሪዋ ጋር የሚያገናኛችሁ ሰው አይገኝም። እኔ በእነዚያ ቀናት የአክስቴን እንጀራ በአገልግል ይዤ እወጣለሁ፤ የማዘው ወጡን ብቻ ነው።