ከበሮው ሲመታ ያየሁት የአያቴን ዋርካ ነው

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

የ31 ዓመት ሰው ነኝ። ጣና ላይ በሞተር ጀልባ እንግዳ አመላልሳለሁ። ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ጉማሬ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ አባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት እወስዳለሁ። ሥራው አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ሰሞኑን አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ጥቅምት ላይ ስምንት የውጭ ሰዎች ጀልባዬን ለሙሉ ቀን ያዙ። ዘጌ ስንደርስ ገዳም አልገቡም። ዳር ላይ ጥላ ፈልገው ተቀመጡ። መሪያቸው ክብ ከበሮ ይዛለች። «ዓይናችሁን ጨፍኑና የሚመራችሁን እንስሳ ፈልጉ» አለቻቸው። ከዚያ ከበሮውን በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ ሳታቋርጥ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል መታችው። ከመናፍስት ጋር ይገናኛሉ የሚባሉት የሻማኖች መንገድ ነው አሉኝ በኋላ። እኔ ጀልባው ላይ ገመድ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ዝም ብዬ እኔም ጨፈንኩ።

እንስሳ አላየሁም። ያየሁት ገጠር ያለውን የአያቴን ዋርካ ነው። ግንዱ በቅቤ ወዝቶ ጥቁር ብሏል። ጉንዳን ይሄድበታል። አያቴ ግንቦት ልደታ ንፍሮ ቀቅላ ይዛን ትወጣ ነበር። መጀመሪያ ለዛፉ ትበትንለታለች፣ ከዚያ ለእኛ በእፍኝ በእፍኝ ትሰጠናለች። የቡናው፣ የቅቤው ሽታ ሁሉ መጣብኝ። ዓይኔን ስገልጥ ፊቴ በእንባ ርሷል። አያቴ አምና ሰኔ ላይ ዐርፋለች። መንገድ ተዘግቶ ቀብሯ ላይ አልደረስኩም።

ሴትየዋ አይታኝ «ስጦታ አለህ» አለችኝ። ኦንላይን ታስተምራለች። ክፍያው በዶላር ነው። የመጀመሪያውን ደረጃ ውጭ ያለ ጓደኛዬ ከፈለልኝና ጀመርኩ። ከበሮ አሠራሁ፣ ማታ ማታ ቤቴ እመታለሁ። አከራዬ ተቆጡ። ወሬው እናቴ ጋ ደረሰ። እናቴ አለቀሰች። «እናቴን ዕድሜ ልኳን ያሰቃያትን ዛር ልትጠራብን ነው?» አለችኝ። ጠበል ካልገባህ ትላለች።

እኔ ግን የማስመስለው ነገር የለም። ሐይቁ መሃል ሞተሩን ሳጠፋ አንድ ነገር ይሰማኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የሚሰማኝ። አሁን ሁለተኛው ደረጃ ሊጀምር ነው። ክፍያው የሁለት ወር ገቢዬን ይበላል። ልክፈል? ኃጢአትስ ነው? ወይስ ይሄ ድሮም የራሴ የነበረ ነገር ነው?

የጣና ልጅ፣ ከባሕር ዳር

*

ወንድም ዓለም፤

የክፍያውን ቶሎ ልመልስልህ። አትክፈል። ሌላው ረጋ ብለን የምናየው ነው።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁልጊዜ የምቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው። «መንገድ ተዘግቶ ቀብሯ ላይ አልደረስኩም» ብለህ ጽፈህ አልፈሃል። እኔ ማለፍ አቃተኝ። እኛ ጋ ሰው ሲሞት ይለቀሳል፣ አፈር ይለብሳል፣ እርም ይወጣል። አንተ እርምህን አላወጣህም። ከአምና ሰኔ ጀምሮ ሞተር እያስነሳህ፣ እንግዳ እየጫንክ፣ ኑሮን እየሮጥክ ነው የቆየኸው። አንድ ቀን ገመድ ይዘህ ግማሽ ሰዓት ዝም ብለህ ተቀመጥክ። አያትህ መጣች። በምን መጣች? በዋርካዋ፣ በቅቤዋ፣ በንፍሮዋ። ያየኸውን ላሳንስብህ አይደለም ይህን የምለው። እንባህ ማንን ሲጠራ እንደነበረ እንድታውቅ ነው።

ስለ ከበሮውም የማውቀውን ልንገርህ፣ አንተም ማወቅ ይገባሃል። ሻማን የሚለው ቃል የመጣው ከሳይቤሪያ፣ ኤቨንኪ ከሚባሉ ሕዝቦች ቋንቋ ነው። እዚያ ሰው ወዶና ከፍሎ ሻማን አይሆንም። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ይታመማል። መንፈሶቹ መረጡት ይባላል። ከሚያውቁት ዘንድ ይማራል፣ ከዚያ ዕድሜ ልኩን ለወገኑ ያገለግላል። ሸክም ነው። አንተ ዘጌ ላይ ያየኸው ሌላ ነው። ማይክል ሃርነር የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት አማዞን ውስጥ ከሹዋርና ከኮኒቦ ሕዝቦች ጋር ከኖረ በኋላ፣ በየአገሩ ካሉት ልማዶች የሚመሳሰለውን ነጥሎ አወጣ። ማንም ሰው በአጭር ሥልጠና እንዲማረው አደረገ። በሰከንድ ከ4 እስከ 7 ጊዜ የሚመታው ከበሮ የዚህ ትምህርት ዋና መሣሪያ ነው። አንድ ዓይነት ምት ሲደጋገም ሐሳብ ይረጋጋል፣ ሕልም የመሰለ ነገርም ይመጣል። ለብዙ ሰው ይመጣል። ስለዚህ «ስጦታ አለህ» መባሉን ብዙ አትያዘው። በዚህ ነገር ብዙ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ያዝናሉ። ሥርዓታችንን ከመሬቱና ከሰው ነቅለው ይሸጡታል ይላሉ። እኔም የምስማማው ከእነሱ ጋር ነው።

እስቲ ደግሞ የተቀመጡበትን ጥላ አስበው። ያ ዛፍ ዛሬ ድረስ እንዴት ቆመ? ዘጌ ሞፈርና ቀንበር አይገባም። የአካባቢው ሰው ይህን የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ብሎ ይዞታል። መሬቱን ሳያርስ፣ ከብት ሳያሰማራ፣ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ኖሯል። ዙሪያው ያለው አገር ሲራቆት ዘጌ ጫካ ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው። ከተፈጥሮ ጋር መገናኘት የምትለው ነገር እዚህ አገር መልኩ ይህን ይመስላል። አንድ ሕዝብ የሚበላውን ነገር ሳይቀር ለጫካው ብሎ አስተካክሏል። በግማሽ ሰዓት ከበሮ የሚገኝ አይመስለኝም።

ወደ አያትህ ዋርካ ልመለስ። አድባር የምንለው ቃል ከግዕዝ ነው። የደብር ብዙ ቁጥር ነው፣ ደብር ደግሞ ተራራ ማለት ነው። ከዚያው ሥር ቤተ ክርስቲያኑን ደብር አልነው፣ የመንደሩን ጠባቂ ዛፍ አድባር አልነው። ሰፈሩን ያቀኑ ሽማግሌንም «የሰፈራችን አድባር» እንላለን። እናትህ ደብር ስትሳለም፣ አያትህ ዋርካ ሥር ስትቆም፣ አፋቸው ላይ ያለው አንድ ቃል ነበር። እምነቱ ግን አንድ ነው አልልህም። ቤተ ክርስቲያን ዛፍ ቅቤ መቀባትን ባዕድ አምልኮ ትለዋለች። ኃጢአት ነው ወይ ያልከውን የንስሐ አባትህን ጠይቅ። እኔ በዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም።

አንድ ነገር ግን ለይልኝ። ዛርና አድባር አንድ አይደሉም። ዛር የሚወርደው ሰው ላይ ነው። ያማል፣ ይጠይቃል፣ ካልተሰጠው ያጎሳቁላል ይባላል። አድባር የቦታ ናት። አንተ የምታስታውሰው ንፍሮውን ነው። እናትህ የምታስታውሰው ሌላ ሊሆን ይችላል። ልጅ ሆና እናቷ ስትወድቅ፣ ስታጓራ አይታ ይሆናል። ቡናና ዕጣን ለማሟላት ቤት ሲራቆት አይታ ይሆናል። አሁን ደግሞ ልጇ ማታ ማታ ከበሮ ይመታል። ብታለቅስ አይፈረድባትም። ከበሮውን አስቀምጠው። አከራይህም ይተኙ።

ውኃው እንደሆነ ብዙ አይቷል። ሰከላ፣ የአባይ ምንጭ ካለበት ግሽ ዓባይ ሄደህ ታውቃለህ? እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1770 እዚያ የደረሰው ጄምስ ብሩስ፣ አገዎቹ ለምንጩ ጊደር እንደሚያርዱለት ጽፏል። ዛሬ በዚያው ምንጭ ሰው ጠበል ይጠመቃል። አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለአባይ አደራ ሰጥተው ሳይርሱ እንደመለሰላቸው ይተረካል። ሰው ያከበረበት መንገድ ተለወጠ እንጂ ማክበሩን አልተወም። ሞተር አጥፍተህ የሚሰማህ ነገር ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። የራሴ ነው ወይ ላልከኝ፣ አዎ፣ የራስህ ነው። እሱን አትንካው። ቪዲዮ አታንሳው፣ ለእንግዳም አትሽጠው።

ከዚህ ሐይቅ ጋር ከሁላችንም ቀድመው የተዛመዱ ሰዎች ደግሞ እዚሁ ጎረቤቶችህ ናቸው። ነገደ ወይጦ። ድሮ ጉማሬ ያድኑ ነበር፣ ለአባይ መንፈስም ይሰዉ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ጉማሬ በሉ ብለን ስንንቃቸው ኖረናል፣ ያሳፍራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባት የደንገል ታንኳ ሲያሥሩ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ደንገሉን አንድ በአንድ እያነሡ ያያሉ። ነቀዝ የነካውን ወዲያ ይጥላሉ። ነዶውን በእግራቸው ረግጠው ገመዱን በሁለት እጃቸው ይስባሉ፣ ሲጠብቅ ደንገሉ ሲጥ ይላል። ብዙ አላወሩኝም። «ዱሮ ደንገሉ ደጃችን ነበር፣ አሁን ሩቅ ነው የምንሄደው» ብቻ አሉኝ። መማር ካማረህ እንደሳቸው ካለ ሰው ተማር። ስለ መንፈስ አትጠይቃቸው። ደንገል ተሸክመህ አግዛቸው።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሏል። በ2004 ዓ.ም. የታየው እምቦጭ የሚባለው አረም ግን ዛሬም አለቀቀውም። ስንቱ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል። አንተ ባለ ጀልባ ነህ። ሥራ በሌለህ ቀን ስንት ክምር ማውጣት ትችላለህ? ደግሞ እንደ እህት ልጠይቅህ። የሞተር ዘይት ስትቀይር አሮጌውን የት ነው የምትደፋው? ሐይቁ የሚያናግርህ ከሆነ በዚህ ጉዳይ የሚልህ አይጠፋም።

አሁን ከእናትህ ጋር ያለው። ጠበል እንሂድ ካለችህ አብረሃት ሂድ፣ ምንም አይወስድብህም። ግን ከዚያ በፊት አንድ ማታ ቡና አስፈላና ስለ ዛሩ ሳይሆን ስለ እናቷ ጠይቃት። ቀብሩ ላይ አለመድረስህ እያንገበገበህ እንደሆነ ንገራት። ከበሮውን ሰምታለች፣ ይህን ግን የሰማች አይመስለኝም። የአያትህ ሙት ዓመት ሰኔ ላይ ነው። ለዶላሩ ያሰብከውን ለዚያ አድርገው። መንገዱ ሰላም ከሆነ ግንቦት 1 ላይ ቀድማችሁ ሂዱ፣ መቃብሯም ላይ አልቅስ። ቅቤውን መቀባት አለመቀባት የእናንተ ጉዳይ ነው። ንፍሮውን ግን እናትህ ትቀቅለው፣ ልጆቹን ሰብስባችሁ ጥላው ሥር ብሉት።

ዋርካው ቆሞ ካገኘኸው ጻፍልኝ። ተቆርጦ ከሆነም ጻፍልኝ፣ ችግኝ እንፈልጋለን።