ዲቲ 125ህ 150 አልሆነም፤ ሰመራ ከመውረድህ በፊት ግን ጄቱን ቀይር

ሰላም ወንድሜ። ሌሎችም እንዲከታተሉት ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ያማሃ ዲቲ 125 አለህ፤ አሮጌው፣ በአየር የሚቀዘቅዘው ባለ ሁለት ምት። ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት አስፍተህ በ0.50 ሚሊሜትር የሰፋ (ኦቨርሳይዝ) ፒስተን አስገብተሃል። ቴስታታውን፣ ማለትም የሲሊንደሩን ክዳን፣ አስላጭተሃል። የዘይት ፓምፑን ነቅለህ ዘይቱን ታንከር ውስጥ ከቤንዚኑ ጋር ትቀላቅላለህ። መካኒኩ «አሁን 150 ሆኗል» ብሎሃል። እውነት ስንት ሲሲ ሆነ? ዘይቱስ በስንት ይቀላቀል? ካርቡሬተሩንስ ምን ላድርገው? አልክ። መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ፣ በቅርቡ ከደሴ ሰመራ ልትወርድ እንደሆነ ጻፍክ። ለእኔ ከሁሉም ትልቋ ይቺ የመጨረሻዋ ናት።

ሲሲውን ቶሎ እንጨርሰው። የሲሊንደሩን የውስጥ ዲያሜትር በራሱ አባዛው። በ0.7854 አባዛ። ከዚያ በስትሮኩ፣ ማለትም ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች በሚጓዘው ርቀት አባዛ። በሚሊሜትር ከሠራህ ለ1000 ስታካፍለው ሲሲ ይሰጥሃል። ዲቲ ከፋብሪካ ሲወጣ 56 በ50 ነው፤ ወደ 123 ሲሲ ይመጣል። ያንተ 56.5 በ50 ስለሆነ 125.4 ገደማ ነው። ጭማሪው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። 150 ለማድረስ በዚሁ ስትሮክ 62 ሚሊሜትር የሚጠጋ ፒስተን ያስፈልግህ ነበር። ስትሮኩ ደግሞ ኮሎው፣ ማለትም ከፒስተኑ ጋር የተያያዘው የሚዞር ዘንግ፣ ካልተቀየረ አይነቃነቅም። ስለዚህ በሲሲው ሰበብ ብቻ ጄት (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) መቀየር የለብህም። መካኒክህን ግን አትቀየመው፤ ደንበኛ ደስ ይበለው ብሎ ነው።

ቴስታታው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሲላጭ ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ቦታ ስለሚጠብ ኮምፕሬሽኑ (አየርና ቤንዚኑ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ) ይጨምራል። እንለካው። ፒስተኑን ጫፍ ላይ አቁምና በካንዴላው ቀዳዳ በስሪንጅ ቀጭን ዘይት ሙላ፤ ካንዴላው የሚጠመዘዝበት ጥርስ መጀመሪያ ጋ ሲደርስ አቁም። ፈጠን በል፣ ካልሆነ በፒስተኑ ሪንግ (ቀለበት) በኩል ይሰርጋል። ለምሳሌ 18 ሲሲ ቢይዝ፣ 125.4 ሲደመር 18፣ ሲካፈል ለ18፣ ኮምፕሬሽኑ 8 ይመጣል። ተላጭቶ 15.5 ቢሆን ግን 9 ያልፋል። ይህን ቁጥር ከማኑዋሉ ጋር አታወዳድር። የጃፓን ፋብሪካዎች ባለ ሁለት ምት ላይ የሚቆጥሩት የጭስ መውጫው ከተዘጋ በኋላ ያለውን ስለሆነ የእነሱ ሁሌም ያንሳል።

ለምን ይህን ያህል አልኩ? ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነች። አየሩ ስስ ነው፤ የተላጨ ቴስታታ እዚያ ምንም አይልም፣ እንዲያውም ጉልበቱ ይጥምሃል። ሰመራ 430 ሜትር ገደማ ነች። ሙቀቱን አስልተን እንኳ ሲሊንደርህ ውስጥ የሚገባው አየር 20 በመቶ አካባቢ ይጨምራል። ደሴ ላይ ዝም ያለው ሞተር እዚያ ጋዝ ስትሰጠው ቆርቆሮ ውስጥ እንደተጣለ ጠጠር ማንኳኳት ይጀምራል። ይህን ድምፅ ከሰማህ ጋዙን ቀንስና ቁም። ፒስተን የሚበሳው በዚህ ነው። የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (ከሲሊንደሩ ጋር ሲገጠም መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) ወፈር ባለ መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ወደ ዘይቱ። ፓምፑ ከወጣ በኋላ እኔ አንድ ለ32 ነው የምለው፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 156 ሚሊ ሊትር። አዲስ ፒስተን እስኪለማመድ አንድ ለ25 አድርገው፤ ለ5 ሊትር 200። የመኪና ዘይት አይሆንም፤ የባለ ሁለት ምት ዘይት፣ ጣሳው ላይ ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ የሚል የጥራት ደረጃ ያለበት። አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፤ «ዘይት ካበዛሁ ሞተሩ አይግልም» ይላሉ። ዘይት ሲጨምር በጄቱ የሚያልፈው ቤንዚን ነው የሚቀንሰው። ቤንዚን ያነሰው ሞተር በዘይት አይድንም።

ጄት ከመንካትህ በፊት አየር የሚያስገባ ቦታ እንደሌለ አረጋግጥ። ጋዝ ስትለቅ ሞተሩ ቶሎ ወደ ሚኒሞ (ያለ ጋዝ ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ካልወረደ፣ ወይ በካርቡሬተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ጎማ ተሰንጥቋል፣ ወይ ከማግኔቱ ጀርባ ያለው ኦይል ሲል (የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) አልቋል። እንዲህ ያለ ሞተር ላይ ጄት ስትቀያይር ብትውል ልፋት ነው። ቶርኖ ቤቱ ደግሞ የሲሊንደሩን መስኮቶች (ቤንዚንና ጭስ የሚገቡና የሚወጡባቸውን ቀዳዳዎች) ጠርዝ አለስልሶ እንደሆነ በጣትህ ነካ ነካ አድርግ። ስለት ከሆነ ሪንግ ይሰብርብሃል።

አሁን ካርቡሬተሩ። የጋዙ እጀታ ላይ ፕላስተር ለጥፍና ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ ብለህ ምልክት አድርግ። ከሚኒሞ እስከ አንድ ስምንተኛ ድረስ ትንሹ ጄትና የአየር ብሎኗ ናቸው። ከዚያ እስከ ሩብ የስላይዱ (ጋዝ ስትሰጥ ወደ ላይ የሚሳበው የካርቡሬተሩ በር) ቅርጽ ነው፤ እሱን ተወው። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ በስላይዱ ላይ የተንጠለጠለው መርፌ ነው፤ መርፌውን የሚይዘውን ቅንጥብ አንድ ጥርስ ወደ ታች ስታወርድ መርፌው ከፍ ይልና ቤንዚን ይጨምራል። ከዚያ በላይ ትልቁ ጄት ነው። ችግሩ የትኛው ምልክት ላይ እንደሆነ ካወቅክ የትኛውን እንደምትነካ አወቅክ።

ለሰመራ ትልቁን ጄት ከፍ አድርግ። አየሩ 20 በመቶ ሲጨምር ካርቡሬተሩ በራሱ ግማሹን ያህል ቤንዚን ይጨምራል። የቀረውን 10 በመቶ የምትሞላው አንተ ነህ። ባለ ስድስት ማዕዘኑ የሚኩኒ (የካርቡሬተሩ ሠሪ) ጄት ላይ ቁጥሩ የሚያሳልፈው የቤንዚን መጠን ነው፤ ደሴ ላይ 120 ጥሩ ከነበረ ሰመራ 130 ይዘህ ጀምር። መርፌውንም አንድ ጥርስ ከፍ አድርግ። ሁሌም ቤንዚን ከበዛበት ጀምረህ ወደ ታች ውረድ፣ በተቃራኒው አይሆንም። ቤንዚን የበዛበት ይጨሳል፣ ሙሉ ጋዝ ላይ ይንተባተባል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፤ ይህ ሁሉ ርካሽ ነው። ያነሰው ግን መጀመሪያ በጣም ይሮጥልሃል፣ ትደሰታለህ፣ ከዚያ ፒስተኑ አብጦ ይነክሳል።

ጄቱን የት ልቀይር ትል ይሆናል። እኔ ደሴ ላይ ሆኜ ሳልቀይረው የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ነው የምቀይረው። ባቲን አልፈህ ቆላው እስኪጀምር አትጠብቅ። ካንዴላውን ለማንበብ አዲስ ካንዴላ አስገባ፣ ዳገት ላይ በሙሉ ጋዝ ትንሽ ንዳው፣ ከዚያ ፍሪሲዮን ይዘህ ሞተሩን እዚያው አጥፋ። ሚኒሞ ላይ አስቁመህ ብታየው ውሸት ነው የሚነግርህ። ነጩ ሸክላ ሥሩ ድረስ ነጭ ከሆነ ትልቅ ጄት አስገባ።

ሐረጎ ላይ ሌላ ነገር አለ። ቤንዚን ለመቆጠብ ጋዝ ዘግቶ በማርሽ መውረድ ልማዳችን ነው። አንተ አሁን ፓምፕ የለህም፤ ጋዝ ከዘጋህ ዘይትም ዘጋህ ማለት ነው። ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ያለ ዘይት ይወርዳል። በየመሃሉ ፍሪሲዮን ይዘህ ጋዝ ቆንጠር አድርግለት፣ ፍሬኑንም ተጠቀም። ፓምፑ ካልተበላሸ ግን ምክሬ መልሰህ እንድታስገባው ነው። ያማሃ በከንቱ አልሠራውም።

አሁን ያለው ጄት ላይ የተጻፈውን ቁጥርና በስሪንጅ የለካኸውን ላክልኝ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የፋብሪካው መሆን አለመሆኑንም ንገረኝ፤ ከተቀየረ ከ130 በላይ እንጀምራለን።