መልስ፦ በስም የማይገኘውን ተመሳሳይ አወቃቀር እንዴት ልፈልገው?

ሰላም ወንድሜ። በብዙ የኢአር ዲያግራሞች (የዳታቤዝ መረጃዎች እንዴት እንደሚገናኙ የሚያሳዩ ሥዕሎች) ውስጥ የሚደጋገመውን አወቃቀር በስም ፈልጌ አጣሁት ላልከው፣ ስሙን ተወውና ቅርጹን ፈልግ። «ተማሪ፣ ምዝገባ፣ ኮርስ» እና «ሐኪም፣ ቀጠሮ፣ ታካሚ» በቃል አይገናኙም፤ አወቃቀራቸው ግን አንድ ነው፦ ሁለቱም ዳር ያሉት ከመሃለኛው ጋር በአንድ ለብዙ ይያያዛሉ (ለምሳሌ አንድ ተማሪ ብዙ ምዝገባ ሊኖረው ይችላል)።

ሞዴሎቹን፣ ማለትም ዲያግራሞቹን፣ ወደ ግራፍ (በቀስት የተያያዙ ነጥቦች) ቀይራቸው፤ ኢንቲቲው (እንደ ተማሪ ወይም ኮርስ ያለው) ኖድ ወይም ነጥብ፣ ግንኙነቱ ከአንዱ ወደ ብዙው የሚሄድ ቀስት ይሁን። አቅጣጫውን ከተውክ የተያያዘ ሦስት ነገር ሁሉ ይመጣብሃል። ከዚያ ኔትወርክኤክስ በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ውስጥ ያለው ቪኤፍ2 የተባለ አልጎሪዝም ቅርጹን በግራፎቹ ውስጥ ይፈልግልሃል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ሰብግራፍ አይሶሞርፊዝም የሚለውን (በኖዶቹ መካከል ከቅርጹ ውጭ ሌላ ቀስት የማይፈቅደውን) ከመረጥክ፣ ተማሪና ኮርስ በቀጥታም የተያያዙበትን ሞዴል ይዘለዋል። ላንተ የሚሆነው ተጨማሪ ቀስት ቢኖርም የሚቀበለው ሞኖሞርፊዝም ነው። ደግሞ ግራና ቀኙን አገላብጦ ያንኑ ሁለቴ ስለሚሰጥህ፣ ከመቁጠርህ በፊት ድግግሞሹን አጥራ።