የፋይል ሲስተም ማጣቀሻ ሰነድ እንዴት ይደራጅ? ጥያቄና መልስ ከወሎ ልጆች ጋር

የሊኑክስን የፋይል ሲስተም (ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) በይነገጽ ማጣቀሻ ሰነድ በአማርኛ ለማዘጋጀት ለተነሣችሁ ሁሉ፦ ያላችሁን ጠይቁ፣ በየተራ እመልሳለሁ።

ከደሴ፦ ጋሼ፣ ገጾቹን በፊደል ተራ እንደርድራቸው ወይስ በርእስ?

መጀመሪያ አንባቢውን ለዩ። ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው "ኦፕን" (የፋይል መክፈቻው ጥሪ) ምን እንደሚመልስ ይፈልጋል፤ ሰርቨር የሚያስተዳድረው የማውንት (የፋይል ሲስተምን ከፎልደር ጋር የማገናኘት) አማራጮችን፤ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ የሚሠራው ደግሞ የትኞቹን ፈንክሽኖች መሙላት እንዳለበት። የከርነሉ ሰነድ ኢኤክስቲ4 የተባለውን የፋይል ሲስተም የከፈለው በዚሁ መንገድ ነው፦ የማውንት አማራጮቹ በአስተዳዳሪዎች መመሪያ ሥር፣ የዲስክ ላይ አቀማመጡ በፋይል ሲስተሞች ክፍል ሥር ይገኛሉ። ማን ፔጅም (የሊኑክስ መመሪያ ገጾች) ሲስተም ኮልን (ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠይቅበትን ጥሪ) በክፍል 2፣ የላይብረሪ ፈንክሽንን በ3፣ የፋይል ቅርጽን በ5፣ አጠቃላይ ማብራሪያን በ7 ያስቀምጣል። አንባቢ የለመደውን ይህን ቁጥር አትንኩት። በየክፍሉ ውስጥ የፊደል ተራ ይበቃል።

ከኮምቦልቻ፦ በአንድ ሲስተም ኮል ገጽ ላይ ምን ምን ይግባ?

አጠራሩ፣ ግቤቶቹ፣ የሚመልሰው ዋጋ፣ ስህተቶቹ፣ ዋስትናው፣ አጭር ምሳሌ። አብዛኛው ሰነድ የሚጎድለው ዋስትናው ነው።

"ሪኔም"ን (የፋይል ስም መቀየሪያውን ጥሪ) ውሰዱ። ነባር ፋይል በአዲስ ሲተካ፣ በዚያው ቅጽበት ስሙን የሚከፍት ሌላ ፕሮግራም ወይ አሮጌውን ወይ አዲሱን ያገኛል፤ ስሙ ጠፍቶ አያገኘውም። መብራት ድንገት ቢጠፋ ግን ለውጡ ዲስክ ላይ መድረሱን ይህ አያረጋግጥም። ለዚያ በጊዜያዊ ስም ጽፎ "ኤፍሲንክ" (የተጻፈው ዲስክ ላይ እንዲደርስ የሚያደርገው ጥሪ) ማድረግ፣ ቀጥሎ "ሪኔም"፣ በመጨረሻም ፎልደሩን ራሱን ከፍቶ "ኤፍሲንክ" ማድረግ ያስፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ቅደም ተከተል በ"ኤፍሲንክ" ገጽ ብቻ ተቀብሮ መቅረት የለበትም፤ "ሪኔም" ገጽ ላይም ይታይ። ፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ደረጃ) የሚያዝዘውንና የሊኑክስ ብቻ የሆነውንም በምልክት ለዩት፤ ካልተለየ አንባቢው ሁሉንም እንደ ሕግ ይወስደዋል።

ከወልዲያ፦ ስህተቶቹን በሙሉ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ብናሰፍር አይሻልም?

አይሻልም። ያው ኮድ በየጥሪው ምክንያቱ ይለያያል። "ኢኖስፒሲ" የሚባለው የስህተት ኮድ ፋይል ላይ ሲጻፍ ከመጣ ብዙ ጊዜ የዲስክ ቦታ አለቀ ማለት ነው፤ አዲስ ፋይል ሲፈጠር ግን አይኖድ (የእያንዳንዱን ፋይል መረጃ የሚይዝ መዝገብ) ስላለቀም ይመጣል፣ "ዲኤፍ" (የዲስክ ቦታ ማሳያው ትእዛዝ) ባዶ ቦታ እያሳየም ቢሆን። ገጹ "ዲኤፍን በአይ አማራጭ ተመልከት" ካላለ አንባቢው ፋይል ሲያጠፋ ይውላል። "ኢኤክስዴቭ" ደግሞ "ሪኔም" ላይ ሁለቱ ስሞች በተለያየ ማውንት ላይ ናቸው ማለት ነው፤ መውጫው ገልብጦ ዋናውን ማጥፋት ነው፣ ያኔ ግን ከላይ ያልነው የመተካት ዋስትና አይኖርም። ስህተት ሲጻፍ ምክንያቱና መውጫው አብረው ይጻፉ።

ከሐይቅ፦ ረጅም የአማርኛ ስም ያለው ፋይል ከኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም) ፍላሽ ወደ ሊኑክስ ሲገለበጥ "ስሙ ረዘመ" ይላል። ይህ የት ይጻፍ?

ኢኤክስቲ4 ላይ የአንድ ስም ጣሪያ 255 ባይት ነው። አንድ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ሥርዓት) 3 ባይት ስለሚወስድ 85 ፊደል ብቻ ይይዛል። ኤንቲኤፍኤስ የሚቆጥረው በዩቲኤፍ-16 አሃድ ስለሆነ 255 ፊደል ይቀበላል። ቁጥሩን "ገደቦች" በሚል አንድ ገጽ ብቻ አስፍሩና ከ"ኦፕን"፣ ከ"ሪኔም"ና ከ"ኤምኬዲር" (ፎልደር መፍጠሪያ) ገጾች ወደዚያ አገናኙ። ሦስት ቦታ የተጻፈ ቁጥር አንዱ ሲታረም ሁለቱ ይረሳሉ። የእንግሊዝኛው ሰነድ ይህን የ85 ስሌት አያነሣም፤ በአማርኛ የምንጽፈው እኛ ግን ልንዘለው አይገባም።

ከከሚሴ፦ ከርነሉ በተቀየረ ቁጥር ሰነዱ እንዳያረጅብን እፈራለሁ፤ ምን ይመክሩኛል?

አብሽሪ። የፈንክሽኑን አጠራር በእጅሽ አትጻፊ፤ ከኮዱ ይውጣ። የከርነሉ ሰነድ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስፊንክስ በተባለው የሰነድ መገንቢያ የሚገነባ ሲሆን፣ በ"/**" የሚጀምሩትን የኮድ አስተያየቶች አንብቦ ገጽ ያደርጋቸዋል። ስፊንክስን በትንሹ ኤን እና በትልቁ ደብልዩ አማራጮች አስኪጂው፤ መድረሻ የሌለው ማጣቀሻ ሲያገኝ ግንባታው እንደ ስህተት ይቆጥረዋል። በእጅ የምትጽፊው ማብራሪያ ግን በዚህ አይያዝም፤ ስለዚህ በየገጹ ራስጌ የተፈተሸበት የከርነል ስሪት ይስፈር።

ከላሊበላ፦ ኢንተርኔት ለማያገኙትስ?

የከርነሉን ኮድ አንዴ አውርዳችሁ "ሜክ ኤችቲኤምኤልዶክስ" በሉ፤ የተገነባው ፎልደር በፍላሽ ይዞራል። የእናንተንም ገጾች በዚያው መንገድ ገንቡ፣ ማገናኛዎቹም ከፎልደሩ ውጭ የማይወጡ ይሁኑ።