የአክስቴ ቀለበት በፎቶግራፉ ላይ

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባ መሀል፣ ከኡራኤል ብዙም በማይርቅ ቢሮ ውስጥ፣ በከተማ የሚኖሩ ስደተኞችን ጉዳይ በሚከታተል ድርጅት ተቀጥሬ መሥራት ከጀመርሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራዬ ወደ ሦስተኛ አገር፣ ማለትም ከአገራቸውም ከኢትዮጵያም ውጭ ተቀብሎ ወደሚያሰፍራቸው አገር፣ ለመሄድ ሊታጩ የሚችሉ ቤተሰቦችን ታሪክ አዳምጦ መመዝገብ፣ ሰነዶቻቸውን ማሰባሰብና መዝገቡን ለሚቀጥለው ክፍል አዘጋጅቶ ማስተላለፍ ነው። ውሳኔ ሰጪ አይደለሁም፤ ዘመዶቼን ግን ይህን ማሳመን አልቻልሁም። በእነርሱ ቤት እኔ የፈለግሁትን ሰው አውሮፕላን ላይ የማሳፍር ነኝ።

እናቴ የሞተችው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ስለሆነ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ እስከ ዩኒቨርሲቲ አድርሳኛለች። ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ መጣች፤ ቡናው ሁለተኛው ሳይቀዳ ከነጠላዋ ሥር ፖስታ አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ውስጡ አምስት ፎቶግራፎችና አንድ የጋብቻ ወረቀት ነበሩበት። የመጨረሻ ልጇ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከአንዲት ኤርትራዊት ጎን ቆሟል፤ ኬክ ይቆርሳሉ፣ ይጎራረሳሉ። ፎቶግራፍ መመርመር የሥራ ልማዴ ነውና የሴትዮዋን ጣት አየሁ። ያደረገችው ቀለበት አክስቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ አውልቃው የማታውቀው፣ አንድ ጎኑ የተጣመመው፣ በልጅነቴ ጸጉሬን ስትሠራኝ ጆሮዬን ይቧጥጠኝ የነበረው ቀለበት ነው። ቀና ብዬ ሳያት ቀለበቱ ጣቷ ላይ ተመልሷል።

ሴትዮዋን አውቃታለሁ። በትግራይ ከነበረችበት የስደተኞች ካምፕ ጦርነቱ አፈናቅሏት አዲስ አበባ የገባች፣ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ናት። መዝገቧ የተከፈተው ለአደጋ የተጋለጠች ሴት ተብላ ሲሆን፣ አሁን ያለውም እኔው ጠረጴዛ ላይ ነው። የስድስት ወር ኪራይ ተጠራቅሞባት አከራይዋ ሊያስወጣት ሲል አንድ ደላላ ከአክስቴ ጋር አገናኛት። አክስቴ ውዝፉን ከፈለች፤ ለደላላውም 60 ሺህ ብር ሰጠች። ከእኔ የሚፈለገው የአክስቴን ልጅ በባልነት መጻፍ፣ የጋብቻውንም ቀን ከሦስት ዓመት በፊት እንደተፈጸመ አድርጎ ማስፈር ነው። «የእኔ ልጅ ያንቺ ወንድም አይደለም ወይ?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። እሺ ብል ሥራዬንም ራሴንም አጣለሁ፤ ብናገር ያቺ ሴት ከነልጇ የምትወድቅ ይመስለኛል፤ እንቢ ብዬ ዝም ብል ደግሞ አክስቴን ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ? ምን ላድርግ?

ስሜ ይቆይ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ፖስታው ጭንሽ ላይ ከተቀመጠ አንድ ወር አልፎታል፤ መዝገቡ ግን ዛሬም አንቺው ጠረጴዛ ላይ ነው። እኔን ከቀለበቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ነው። የሥጋ ዘመድሽ ሊገባበት የታሰበ መዝገብ በእጅሽ ይዘሽ ስትቆዪ፣ አንዲት ፊደል እንኳ ባትጨምሪበት፣ ነገ ነገሩ ሲወጣ ጊዜ ስትጠብቂ እንደነበር ነው የሚቆጠርብሽ። ስለዚህ ነገ ጠዋት ወደ ቅርብ አለቃሽ ገብተሽ፣ ዘመድሽን የሚነካ ጥያቄ እንደቀረበልሽና መዝገቡ ከእጅሽ እንዲወጣ እንደምትፈልጊ በጽሑፍ አስታውቂ። የጥያቄውን ይዘትም አትሸሽጊ።

ሴትዮዋ ትወድቃለች ብለሽ መፍራትሽ ይገባኛል፤ ነገር ግን ገና የቀረበ ሐሰት የለም፣ የታሰበ ሐሰት ብቻ ነው ያለው። ዛሬ ከተነገረ፣ ቃለ መጠይቅ ከመቀመጧ በፊት አንቺን የማይነካ ሌላ ሠራተኛ ጠርቷት ምን ሊከተል እንደሚችል ሊያስረዳት፣ እርሷም ሐሳቧን ልታነሣ ትችላለች። ለዚህ ጊዜ ያላት መዝገቡ ወደ ሚቀጥለው ክፍል እስኪሻገር ድረስ ብቻ ነው።

ደግሞም ያ ጋብቻ ለእርሷ ምን ያመጣላታል? መዝገቧ የቆመው ከለላ የሚሆናት ሰው የሌላት ሴት በመሆኗ ላይ ነው፤ ባል ሲገባበት መሠረቱ ራሱ ይናጋል። የባልየው ኢትዮጵያዊነት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ኢትዮጵያዊ ያገባ የውጭ ሰው፣ ጋብቻው ቢያንስ ሁለት ዓመት ከሞላውና ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በአገሪቱ ከኖረ፣ የቀሩትን ሁኔታዎች አሟልቶ ዜግነት ሊጠይቅ ይችላል። ቀኑ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ሲገፋ፣ «እዚሁ መኖር እየቻልሽ ሦስተኛ አገር ለምን አስፈለገሽ?» ለሚላት ጠያቂ መንገዱን የጠረጋችሁለት እናንተው ናችሁ። ባልና ሚስት ለየብቻ እንደሚጠየቁም ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅም ውሸቱን ማጥናት ሊኖርበት ነው፤ ይህን ሳስብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለአክስትሽ ያለኝ ርኅራኄ ትንሽ ይቀዘቅዝብኛል።

የኪራዩ ነገር ራሱን የቻለ ችግር ነውና ከጋብቻው ተለይቶ ይታይ፤ አለቃሽ ወደ ማኅበራዊ ድጋፍ ክፍል እንዲመራላት ጠይቂ። ከኪስሽ አውጥተሽ ልትከፍዪላት እንዳታስቢ፤ ሌላ ጣጣ ታመጪያለሽ።

ደላላውን በተመለከተ በደብዳቤሽ ያላነሣሽው አንድ ነገር አለ። መዝገቧ አንቺ ዘንድ መሆኑን በምን አወቀ? ወይ ከቢሮሽ ምስጢር ይወጣል፣ ወይ አክስትሽ በየሰርጉና በየለቅሶው ስለ ሥራሽ ስትናገር ሰምቶ፣ ከሴትዮዋ የሰማውን ጨምሮ አገጣጥሞታል። በሁለቱም መንገድ የሸጠው ያንቺን ስም ነውና ይህንንም ለአለቃሽ ንገሪ። ለእርሱ አትራሪለት።

አክስትሽ 60 ሺህ ብር የከፈለችበት ነገር የሚሸጥ እንዳልሆነ አንቺ ካልነገርሻት ማን ይነግራታል? ከምዝገባው እስከ በረራው ስደተኛው የሚከፍለው የአገልግሎት ዋጋ የለም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ያጫል እንጂ አይወስንም፤ የመጨረሻው ቃል የተቀባዩ አገር ነው። በዓመት ውስጥ ይህ ዕድል የሚደርሳቸው ከዓለም ስደተኞች መካከል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ልጇ የሚያልማት አሜሪካ እንደሆነችም እገምታለሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ስደተኞችን የምትቀበልበትን ፕሮግራም ባገደች ጊዜ፣ ሁሉን ጨርሰው፣ ትኬት ተቆርጦላቸው፣ የቤት ዕቃቸውን ሸጠው የነበሩ እውነተኛ ባልና ሚስቶች ባሉበት ቀርተዋል። ለ2026 የበጀት ዓመት በመጀመሪያ የተቀመጠው ጣሪያም ከመላው ዓለም 7,500 ሰው ብቻ ነበር፤ ከዚያ በፊት 125,000 ነበር።

ስትነግሪያት ግን ከሕጉ አትጀምሪ። እርሷ አንቺን ስታሳድግ ሕግ አልጠቀሰችም። ቤቷ ሄደሽ፣ ልጁ በሌለበት ሰዓት፣ ያደረገችልሽን በስም በስሙ ጠርተሽ አመስግኛት፤ ከዚያ ይህን እንደማታደርጊው አንድ ጊዜ፣ በግልጽ፣ «እስቲ አያለሁ» ሳትዪ ንገሪያት። ይህች «እስቲ አያለሁ» የምንላት ቃል በአገራችን ስንት ሰው እንዳስራበች እኔ ነኝ የማውቀው። ሽማግሌ አትሰብስቢ፤ ሰው በበዛ ቁጥር ወሬው ወደ ቢሮሽ ይቀርባል። ካስፈለገ የንስሐ አባቷ ብቻ ይስሙ። ለልጁ ሙያ መማሪያ በየወሩ የምትችዪውን ልታዋጪ ከፈለግሽ ቁርጥ አድርገሽ መጠኑን ንገሪያት። የከፈለችውን ውዝፍ ኪራይ ከሴትዮዋ እንዳትጠይቅም አደራ በያት፤ ያልተጠየቀ ገንዘብ ማንንም ደጅ አያስጠናም።

ፖስታውን አታቃጥዪው፣ አለቃሽን ሳታማክሪም አትመልሺው። ወደ አክስትሽ የምትሄጂውም ለአለቃሽ ከተናገርሽ በኋላ ይሁን። ቀድመሽ ከሄድሽ ታለቅሳለች፤ አንቺም አብረሻት ታለቅሺና ሳትናገሪ ሌላ ወር ያልፋል።